ሽማግሌ የተቀመጠለት የሮክ ባንድ

የዚያን እሁድ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተሰማ፣ ሸማ ተራ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጋቢ የሚሸጡት። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም የሚነግዱት ሐጂ ሙክታር። የግቢያችን ሰው እትዬ አሰገደች፣ ባላቸው ከሞቱ መንፈቅ ስላልሞላ ጥቁራቸውን እንደለበሱ። ጊታር የምትጫወተውና የምትዘፍነው ልጄ ሜሮን። ቤዝ የሚባለውን፣ ክሩ ወፈር ያለውን ጊታር የሚጫወተው ናቲ። ከበሮ መቺው መላኩ። እኔ። ከእኔ ጋር ደግሞ መጥረጊያዬ፤ እሱን ለምን ከሰው ጋር እንደቆጠርኩት ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሽማግሌ የሚጠራው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በአባታቸው ሱቅ ሲካሰሱ፣ ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ። ለሮክ ባንድ ሽማግሌ የጠራ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ይቅረበኝ፣ እንጽናናለን።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የእኔ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አላነበብኩም፤ ከግድግዳ ነው የተማርኩት። ልጆቹ የሚለማመዱባት ክፍል ከመኝታዬ ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ሙዚቃው ከባድ ነው። ከባድ ስል ሳህን ከመደርደሪያ ያወርዳል ማለቴ ነው። ደግሞም ረጅም ነው። ይጀምራል፣ ይፋጠናል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። አለቀ ብዬ «ተመስገን» ስል፣ ለካ ትንፋሽ እየሰበሰበ ኖሯል፣ በሌላ በኩል ይነሳል። ምቱም እንደምናውቀው ምት አይደለም። በእግሬ ልከተለው ስሞክር አንድ እግር ይተርፈኛል።

«እማ፣ በሰባት እኮ ነው የሚቆጠረው» አለችኝ ሜሮን።

ሰባት ለሳምንት ሲሆን እንጂ ለዘፈን ሲሆን አላየሁም። ግን ልጅ ነች፣ አንድዬ ልጄ ነች፣ ምን እላለሁ። ጊታሯን ራሷ ዱባይ ተራ ሄዳ ነው የገዛችው። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ምሎላታል። መርካቶ ውስጥ ያልተማለበት ዕቃ ስለሌለ መሐላውን ብዙም አልሰማሁትም፤ እኔ ያየሁት ከጊታሩ የሚወጣውን ሽቦ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጩኸቱን እለምደው ነበር። የምፈራው ኤሌክትሪኩን ነው። ያቺ ክፍል ውስጥ ሽቦ በሽቦ ላይ ተጠላልፎ የበግ አንጀት ይመስላል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በደረቅ እንጨት ገፍቶ ማስለቀቅ እንጂ በእጅ መንካት አይገባም ብለው አስተምረውን ነበር። ከትምህርቴ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት እሱን ነው። ስለዚህ ልጆቹ በተለማመዱ ቁጥር የመጥረጊያዬን እንጨት ይዤ፣ ጆሮዬ ላይ ጥጥ ወትፌ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ። ናቲ መጀመሪያ ሰሞን ልመታው የመጣሁ እየመሰለው ጊታሩን እንደ ጋሻ ይይዝብኝ ነበር። በኋላ ለመደኝ። መላኩ ግን ከከበሮዎቹ መሀል ሆኖ አንዴ ቀና ይልና ፈገግ ይላል። «አይዞዎት እትዬ፣ ዛሬም አልሞትንም» የሚል ፈገግታ ነው።

ስለ መላኩ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የእሱ ነውና።

መላኩ ከበሮ የተማረው ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ ይሆናል። መላኩም ከጎጃም በልጅነቱ መጥቶ እዚያው በርሜል ሲቀጠቅጥ ነው ያደገው። ሜሮን አንድ ቀን ለእኔ ምድጃ ልታሠራ ሄዳ መዶሻውን ሲያወርድ ሰማችው። ምድጃውን ረስታ ልጁን ይዛ መጣች። እስከ ዛሬም ምድጃ የለኝም። ያ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን በርሜል፣ ማታ ከበሮ ሆነ፤ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ራቱ ከእኛ ጋር ነው።

ብዙ አይናገርም። እጁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ አፉ ግን ሕፃን አያነቃም። ስለ ቤተሰቡ ስጠይቀው «ደህና ናቸው እትዬ» ይላል፣ ከዚያ እንጀራውን ይቆርሳል። ሁለተኛ ስጠይቀው ትልቅ ይጎርሳል። አፉ ሞልቶ ሳለ ሰው አይጠየቅምና እተወዋለሁ። ለዓመታት እንዲህ እየጎረሰ አመለጠኝ። እኔም ብሆን፣ ልጅ ከማዕድሽ ይህን ያህል ዘመን ከቆረሰ ሳትወልጂው ወልደሽዋል፤ የማን ነህ ብሎ መመርመሩ ይረሳል።

እንዲህ ሆነን ሳለ የእትዬ አሰገደች ባል ጋሼ ወርቁ ሞቱ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ስለ ሙዚቃው ግን ያላማረሩበት ቀን የለም። «እነዚህ ልጆች እኔ ሳልሞት ዝም አይሉም» ይሉ ነበር። እንዳሉት ሆነ። ሀዘን ባለበት ግቢ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። አርባቸው እስኪወጣ ሙዚቃ የለም አልኩ፣ ማንም አልተከራከረኝም። ሽቦዎቹን ነቃቅዬ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ከተትኳቸው። ከበሮዎቹን ደግሞ ማንም በስህተት እንዳይነካቸው ከሱቄ ጋቢ አምጥቼ አለበስኳቸው። ጋቢ ለብሰው ጥግ ላይ ሲቀመጡ ቁርጥ ለቅሶ የመጣ ሰው ይመስሉ ነበር። አንድ ጊዜማ መነጽሬን ሳላደርግ ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብያቸዋለሁ።

ወጣት ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሜሮን ከጓደኛዋ የእንጨት ጊታር ተውሳ መጣች፣ ናቲም ሌላ አገኘ። በር ዘግተው፣ ለራሳቸው እንኳ በደንብ በማይሰማ ድምፅ ይነካኩ ጀመር። ከጓዳዬ የሚፈላ ድስት ክዳን ይበልጠው ነበር። ለእኔ ገነት ነው። መጥረጊያዬ ሥራ ፈታ፣ ወለል ወደ መጥረግ ተመለሰ።

አርባው ወጣ። እኔም እንደ ሕጉ ሽቦዎቹን አውጥቼ አቀረብኩ፣ ጥጤን ወተፍኩ፣ እንጨቴን ይዤ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ሜሮን ሽቦውን አየችና «ተዪው እማ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገንም» አለች።

«እንዴት አያስፈልግም?»

«ዳይሬክሽን ቀይረናል ማዘር» አለ ናቲ። ናቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር አማርኛ ብቻውን አይበቃውም። «ከአሁን ወዲህ አኩስቲክ ነን።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«መብራት የማይፈልግ።»

«ኩራዝ ነው በለኛ» አልኩት።

«እንደዚያ በይው እማ» አለች ሜሮን እየሳቀች። «ግን የምሬን ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስጮህ ድምፄ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። አሁን ሰማሁት።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጥጡን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ ልጄን ሳምኳት፣ ናቲንም ሳምኩት። ሦስተኛውን ልስም ስዞር መላኩ ጋቢ ከለበሱት ከበሮዎች አጠገብ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከቷል። ሁለት የእንጨት ጊታር፣ አንድ ድምፅ። ይህን ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ሰውም ይሠራዋል፤ ከበሮ የለበትም።

ልጆቹ አላባረሩትም። ሜሮን «ለስለስ ያለ ነገር እንፈልግልሃለን» አለችው። እሱም ሞከረ። በጣቱ ጠረጴዛዬን መታ፣ ብርጭቆ ወደቀ። ካርቶን መታ፣ ካርቶኑ ተበሳ። እኔ ደግሞ ብልህ ሆኜ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሩዝ ሞልቼ ሰጠሁት። አንዴ ቢነቀንቀው ክዳኑ በረረ፤ ከሶፋዬ ሥር አሁንም ሩዝ እለቅማለሁ። በርሜል ሲቀጠቅጥ ያደገ ክንድ «ቀስ» ሲሉት ግራ ይገባዋል። የመርካቶን ኩሊ ሸክሙን አውርደህ እንቁላል ያዝ እንደማለት ነው።

ያን ጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለ ከበሮ ፍለጋ ወጣሁ። መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል። እኔ እንደማውቀው የሌለው «የለም» የሚል ነጋዴ ነው። ከበሮ ከሚሸጥ አንድ ሰው ሱቅ ገባሁ።

«የኔ ወንድም፣ ድምፁ የማይሰማ ከበሮ ይኖርሃል?»

«ምን ይጠፋል እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ። አንዱን አወረደና የሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ሰው በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። «ይኸው፣ ተሰማዎት?»

«አልተሰማኝም።»

«የፈለጉት እሱ ነዋ።»

ሌላም አሳየኝ፣ እሱም አልተሰማኝም። ሁለቱም ስላልተሰሙኝ ያማረውን መረጥኩና በኩሊ አሸክሜ መጣሁ። ከበሮው መላኩ እጅ ሲገባ ግን ባሕርዩን አወጣ። እነሱ ክፍል ሆነው፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አላፊ አግዳሚው በራችን ላይ ቆሞ እልል አለ። አንዲት የማላውቃት ሴት ሙሽራዋን አሳዩኝ ብላ ግቢ ገባች። እትዬ አሰገደች በጥቁር ልብሳቸው ብቅ ብለው «ማን ተዳረ ልጄ? ሳትነግሪኝ?» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አርባ ቢወጣም ጥቁር በለበሰ ሰው ደጃፍ ላይ ይህ ይደረጋል? እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተነሽ ተነሽ፣ የሠርግ ነገር ከሰማሁ ስለቆየሁ ነው የወጣሁት» አሉኝ።

መላኩ ይህን ሁሉ ከበሩ ሆኖ አየ። ከበሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ያለ ድምፅ ሲያደርግ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ራት መምጣት ተወ።

ሳህኑን ከድኜ አስቀምጣለሁ፣ አይመጣም። በማግሥቱ በምሳ ዕቃ ይዤለት ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እትዬ» ይላል፣ በርሜሉን እያየ። ከስቷል። ጓደኞቹ አልከሳም አሉኝ፤ ለእኔ ግን ከስቷል። ሜሮንን «ልጁን መልሺው» አልኳት። «እኔ እኮ አላባረርኩትም እማ» ብላ አለቀሰች። እሱን «ተመለስ» አልኩት። «አልተጣላሁም እትዬ፣ ቦታ ነው ያጣሁት» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለት ሰዎች እውነታቸውን ይዘው ሲራራቁ እኛ ዘንድ አንድ መድኃኒት ነው ያለው። ሄጄ ጋሼ ተሰማን ሽማግሌ ይሁኑልኝ አልኳቸው።

«ማንና ማን ተጣሉ?» አሉ።

«ጊታርና ከበሮ።»

ጋቢውን ማጠፋቸውን አቁመው ጥቂት አሰቡ። «ሲጀመር በማን አማላጅነት ነው የተገናኙት?»

«በምድጃ» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና እሺ አሉ።

ሐጂ ሙክታርን የጨመርኩት ሚዛናቸው የታወቀ ስለሆነ ነው። እትዬ አሰገደችን አልጠራኋቸውም፤ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ቀጠሮው ከቅዳሴ መልስ፣ ከዙህር ሶላት በፊት ሆነ። ጾምም ስለነበር ሁሉም ሊቀምሰው የሚችለውን፣ ቆሎና ለስላሳ አቀረብኩ። ሐጂ ጥርሳቸው ጠንካራ ነው። የቀኑ ከበሮ የእሳቸው ቆሎ አቆረጣጠም ነበር ማለት ይቻላል።

ጋሼ ተሰማ መረቁ፣ ሐጂ አሚን አሉ። ከዚያ ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከሳሽ ማነው?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን።

«ተከሳሽስ?»

መላኩ እጁን አወጣ።

«አንተ ምን አደረግህ?»

«ምንም ጋሼ።»

«ታዲያ እጅህን ለምን አወጣህ?»

«አንድ ሰው ማውጣት አለበት ብዬ ነው።»

ናቲ ሊያስረዳ ተነሳ። «ነገሩ ምን መሰለዎት ጋሼ፣ ድራሙ ቮካሉን ይውጠዋል። ዳይናሚክሱ...»

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «እኔ ዐረብኛም አማርኛም ስልጢኛም እሰማለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ንገረኝ።»

«ከበሮው ሲመታ ዘፈኑ አይሰማም ማለቱ ነው» አለች ሜሮን።

«ባለቤቴም ይህንኑ ሲሉ ኖሩ» አሉ እትዬ አሰገደች። «እሳቸው ሲሉት ማን ሰማቸው።»

ጋሼ ተሰማ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። «እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ስድብ አለ?»

«የለም።»

«ዱላ?»

«የሚመታው ከበሮውን ነው።»

«የጠፋ ዕቃ? ሐሜት? የሴት ነገር?»

«ኧረ ጋሼ» አለች ሜሮን፣ ፊቷ ቀላ።

ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ። ተጨንቀዋል። «አንቺ፣ ይህ ነገር አስቸገረኝ። ጥፋት ሲኖር አጥፊው ይወድቃል፣ የተበደለው ያነሳዋል፣ ተሳስመን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጥፋት የሌለበትን ጠብ እንዴት ነው የማስታርቀው? ማንን ማን እግር ላይ ልጣል?»

ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። «ሶላቴ ሳይደርስ ልጆቹ ይዝፈኑና እንስማ። ቅመምም ቢሆን ሳይቀመስ አይፈረድበትም።»

ሜሮንና ናቲ ጊታሮቻቸውን አነሱ። እኔም ከልማድ መጥረጊያዬን ይዤ ተነሳሁ። ሐጂ «ምን ሊጠረግ ነው?» አሉኝ። ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ነው አልኩ፣ ኤሌክትሪክ እንደሌለም አወቅሁ፣ ግን ቆሜ ቀረሁ። መላኩ ግድግዳውን ተደግፎ ባዶ እጁን ተቀምጧል።

የዘፈኑት አዲስ ዘፈን አልነበረም። ያው ረጅሙ ነው፣ በሰባት የሚቆጠረው፣ ግድግዳዬን ሲያንቀጠቅጥ የኖረው። አሁን ግን በሁለት እንጨት ጊታር ቀስ ብሎ ይሄዳል። እኔ ያን ዘፈን ለዓመታት በጥጥ ውስጥ ስሰማው ቃል ያለው አይመስለኝም ነበር። ለካ አለው። አንድን ልጅ እናቱ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ትልከዋለች። ልጁ ስልቻውን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል። መንገድ ዳር የጭነት መኪና ቆሟል። ልጁ መኪናውን ያያል፣ ስልቻውን ያያል፣ መኪናው ላይ ይወጣል። ሜሮን እዚህ ላይ ስትደርስ ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ወፍጮ ቤት ነው በሏት፣ ወረፋው ረዝሟል፤
እህሉ ሳይፈጭ ልጇ መች ይመጣል።

ደግማ ደጋግማ ይህንኑ አለችው። ሐጂ ቆሎ መቆርጠም አቆሙ። ግቢው ውስጥ የሚንጠባጠበው ቧንቧ ተሰማኝ።

ዘፈኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አሰገደች ናቸው። እሳቸው በአገራቸው ለቅሶ ቤት ግጥም ሲያወርዱ ሰው ቆሞ የሚሰማቸው ሴት ናቸው፣ በዚህ ነገር አይታሙም። ነጠላቸውን ከዓይናቸው አነሱና «ይህ ግጥም ተቀምጠው ያወጡት አይደለም፤ ደርሶበት ያለፈ ሰው ነው ያለው። ማነው?» አሉ።

ሜሮን መላኩን አየችው። ናቲም ጫማውን አየ። እነሱ ያውቁ ኖሯል፣ እንዳይናገሩ አስምሏቸው ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አለ መላኩ።

«እናትህ ናት?»

«አዎ። ጥሩወርቅ ትባላለች።»

«ስልቻውስ?» አሉ ሐጂ። ነጋዴ ናቸውና።

«እዚያው ቀረ።»

«ከዚያ ወዲህ አላየሃትም?»

«አላየኋትም። መልእክትም አላክሁም። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ጋሼ ተሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ያለ ቃል ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው በከበሮ የምትሸፍነው?»

«ስለሚሸፈን ነው የገጠምኩት ጋሼ» አለ መላኩ። «ሜሮን ጮኻ ትለዋለች፣ እኔ ከላዩ እመታለሁ። ማንም አይሰማም። እኔ ግን ብያለሁ። ለዚያ ነው ጠንክሬ የምመታው።»

መላኩን ለዓመታት ሳውቀው ይህን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ መጥረጊያውን ይዤ እንደቆምኩ ያቺን ሴት አሰብኩ። ልጄ ከታክሲ ተራ ትንሽ ከዘገየች አስፋልት ድረስ ወጥቼ የማላውቀውን ሰው ሁሉ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ያቺ ሴት መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፤ እርግጠኛ ነኝ። ስልቻውን አግኝታዋለች። ሰው ሳይኖር ስልቻ ማግኘት ምን እንደሚመስል ልገምተው ሞከርኩና አልቻልኩም፤ ቆሎው ላይ ጨው ልጨምር ብዬ ጓዳ ገባሁ። ቆሎ ላይ ጨው ጨምሬ አላውቅም።

ስመለስ ቤቱ ተለውጧል። ጋሼ ተሰማ ቀና ብለው ተቀምጠው ፊታቸው በርቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልጉት የዋሉት ጥፋት በእግሩ መጥቶ ፊታቸው ተቀምጧል።

«ይህማ የምናውቀው ነገር ነው» አሉ። «ልጅ እናቱን በድሏል። ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ እሷም ታነሳዋለች።»

«ድንጋይ ምን ይረባታል» አሉ ሐጂ። «ዱቄት ይሸከም።»

ጋሼ ተሰማ ጥቂት አሰቡበት። «ዱቄት ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ባንዱን ያስታወሰ የለም። ጾሙ ሲፈታ ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ እንድንሄድ ተወሰነ። ጋሼ ተሰማ ለእናትየው ጋቢ ከራሳቸው ሱቅ፣ ሐጂ በርበሬና ኮረሪማ ከራሳቸው። እትዬ አሰገደች መኪና ስለሚያዞራቸው መስኮት አጠገብ ካልሆነ አልሄድም አሉ። ሐጂም መስኮት እፈልጋለሁ አሉ። በዚህ ጥቂት ተከራከሩ።

«የእኛስ ጉዳይ?» አለ ናቲ።

«አንተ ቆይ፣ ትልቅ ነገር ላይ ነን» አሉት ጋሼ ተሰማ።

መላኩ የሁሉንም ጉልበት ሳመ፣ የእኔንም። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እንደ ድሮው ከእኛ ጋር በላ። ጨምሩልኝ አለ። ስንቀመጥ ሜሮን ጊታሯን አንስታ ያንኑ ዘፈን ትነካካ ጀመር፤ መላኩም ሳያስበው የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ ተከተላት። ቀስ ብሎ ነው፣ ብርጭቆ አልወደቀም፣ ምንም አልተበሳም። ሜሮን ቀና አለች። «እሱን» አለችው። «እሱን ነበር የፈለግነው።» እሱም ጣቱን አይቶ ሳቀ። ለካ ያ ክንድ ቀስ ማለት ይችላል፣ የሚሸፍነው ነገር ሲያልቅ። እኔ ያን ምሳ ስበላ ልጁ ተመለሰልኝ ብዬ ነው።

በማግሥቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ምሳ ዕቃዬን ይዤ ምናለሽ ተራ ሄድኩ፤ በርሜሉ አለ፣ መዶሻው አለ፣ እሱ የለም። አብሮት የሚሠራው ልጅ «ሰኞ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ትከሻው ላይ ከበድ ያለ ነገር ነበር» አለኝ። ልብሱ ይሁን ዱቄት አላየም። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ጠየቅሁ። እዚያ ተጣሪዎቹ ደሴን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን በአንድ ትንፋሽ ይጠሩና ሰውን እንደ ጆንያ እየገፉ ያስገባሉ፤ ማን በየትኛው እንደገባ የሚያስታውስ የለም። አንዱማ እኔንም ጅማ ሊሰደኝ እጄን ይዞ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው።

ጋሼ ተሰማ ተቀይመዋል። ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ሽማግሌ ተቀምጦለት ሽማግሌ ሳይጠብቅ የሄደ ሰው አላጋጠማቸውም። እትዬ አሰገደች ግን «ሰው ወደ እናቱ ሲሄድ እድር አያስከትልም፣ ይተዉት» አሏቸው። ሐጂ ኮረሪማውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ሲመጣ ይወስደዋል ብለው። ሜሮን ዘፈኑን ሌላ ሰው ፊት አልዘፍነውም ብላለች፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ።

እኔ ሌሊቱን ሳስብ የማድረው ሁለት ነገር ነው። ወደ እናቱ ሄዶ ከሆነ ተመስገን፤ በርታ ብዬ እመርቀዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ምስጢሩን ስለሰማበት አፍሮ ሌላ አገር ሄዶ ከሆነስ? እዚያም አንድ ቤት ገብቶ፣ አንዷ እናት ስትጠይቀው «ደህና ናቸው» እያለ እየጎረሰ ከሆነስ? ጃኬቱንም እኔ ዘንድ ጥሎታል። ዓባይን ሲሻገሩ ማዶው ደጋ ነው ይሉኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ በጎጃም በኩል ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቀጭን ነው፣ ረዘም ይላል፣ ክንዱ ግን ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስላል። ብዙ አይናገርም። እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። የመንደሩን ስም ጠይቄው አላውቅም። ቤቱ ደርሶ ከሆነ ደርሷል በሉኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሌላ ከተማ አይታችሁት ከሆነም እሱኑ ንገሩኝ፣ አልቆጣውም። ሸማ ተራ መጥታችሁ የሜሮን እናት ካላችሁ ሱቄን ያሳዩአችኋል። መላኩን ያየ ሰው ካለ እባካችሁ የት እንዳለ ይንገረኝ።